ልጄ «አባ» ስትል «አማ» ይሆንባታል፤ የላንቃዋ ኦፕራሲዮን አልሠራም ማለት ነው?

አባ ያልተባለው (ጎንደር፣ ማራኪ)

እንዴት አመሻችሁ። እስከ ዛሬ የሰው ሲጻፍ አነብ ነበር እንጂ ራሴ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ግድ ሆነብኝ።

ሴት ልጄ 3 ዓመት ከ7 ወሯ ነው። ስትወለድ ከንፈሯም ላንቃዋም የተሰነጠቀ ነበር። ከንፈሯ በ5 ወሯ ተሠራ። ላንቃዋ ግን እንደዚያ በቶሎ አልሆነም። አንዴ ክብደቷ አልሞላም፣ አንዴ ደሟ አንሷል፣ አንዴ ጉንፋን ይዟታል እየተባለ ቀጠሮው ሲገፋ ሲገፋ 2 ዓመት ከ2 ወሯ ላይ ተሠራላት። ቁስሉ ድኗል። ያገኘችውን ትበላለች። ድሮ በአፍንጫዋ ይመለስ የነበረው ወተትም ቀርቷል። የከንፈሯን ጠባሳ ካልነገሩት ልብ የሚለው ሰው የለም።

ያስቸገረን ንግግሯ ነው። አትናገርም እንዳልል ቀኑን ሙሉ ስታወራ ነው የምትውለው። ግን ከእኔና ከእናቷ በቀር የሚገባው የለም። «ዳቦ» ለማለት «ናሞ» ትላለች። «ቡና» «ሙና» ነው። «ቆሎ» «ኦሎ» ነው። «ጠላ» «አላ» ነው። «እማ» ብቻ ጥርት ብላ ትወጣለች። «አባ» ልትል ስትሞክር ያው «አማ» ይሆናል። እናቷ «ሁለታችንንም እናት አደረገችን» እያለች ትስቃለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ። መብራት ከጠፋ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን ያለ ሱቅ ይዣት ሄድኩ። ራሷ መግዛት ስለምትወድ ብሩን ሰጥቻት ከኋላዋ ቆምኩ። ብስኩት ነበር የፈለገችው። ልጁ «ምን?» አላት። ደገመችለት። «ምን?» አላት። ሦስተኛው ላይ አፏን ዘግታ በጣቷ አሳየችው። ቤት ስንገባ ደግሞ ውሃ ጠማት መሰለኝ፣ ምንም ሳትል ወደ ጆጉ ጠቆመች። ያች ጣት ናት ያስደነገጠችኝ። ልጄ ማውራት ልትተው ነው ብዬ ፈራሁ።

አንድ ሕክምና ቦታ ጠይቄ «ልጅ ናት፣ ስታድግ ትተወዋለች» ተባልኩ። ጎረቤት «ምላሷ ታስሮ ነው» ይላል። እናቴ ደግሞ «እንጥሏ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥላት» ብላ ጭልጋ ያለ የምታውቀውን ሰው ልታስመጣ ተነሥታለች። እኔ መሐል ላይ ቆሜያለሁ። ኦፕራሲዮኑ ተበላሽቷል ማለት ነው? ልጠብቅ? ወይስ አሁኑኑ የማደርገው ነገር አለ?

የቀበሌ 18 ልጅ

አይዞህ ወንድሜ። የአጎቴ ልጅ እስከ 4 ዓመቱ አፉን አልፈታም ነበር፣ ዛሬ ዝም በል ቢሉት አይሰማም። ፊኛ ግዛላትና በየቀኑ ታንፋ። ፉጨትም አለማምዳት። አፏ ይጠነክራል።

ባለሱቋ ከአዘዞ

ወንድምዓለም፣ ዕቃ እየሸጥኩ ነው የምጽፍልህ፣ ነገሬ ቢቆራረጥ ይቅር በለኝ።

ሌላው ሁሉ ይቆይና መጀመሪያ እናትህን አስቁምልኝ። እንጥሏ አይነካ! እናትህን እየወቀስኩ አይደለም። የእኔም እናት እንደዚያው ናት፣ እኛ ቤት ስድስት ልጆች ነን፣ የስድስታችንም እንጥል ተቆርጧል። ለልጅ አስበው ነው የሚያደርጉት። ግን የአንተ ልጅ ላንቃ የተሰፋ ነው። እንጥል የሚንጠለጠለው ከዚያው ከተሰፋው ሥጋ ጫፍ ላይ ነው። እዚያ ላይ ምላጭ ማስገባት ያን ሁሉ የለፋችሁበትን ስፌት መተርተር ነው። ደሙና ቁስሉ ሌላ ጣጣ ነው።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ 3ኛ ክፍል። እሱም እንደ ልጅህ ከንፈሩም ላንቃውም ተሰንጥቆ ነው የተወለደው። ጡት ስሰጠው አፉና አፍንጫው አንድ ስለሆነ የሚስበው አየር ብቻ ነበር። ወተቴን አልቤ፣ ቀና አድርጌ ይዤ፣ በማንኪያ ነው ያሳደግኩት። ይህን አንተም ታውቀዋለህ፣ አልደግመውም።

ላንቃው በ1 ዓመት ከ4 ወሩ ተሠራ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ለጥምቀት ይናገራል፣ ለፋሲካ ይናገራል እያልኩ። እሱማ ይናገራል፣ በአፍንጫውና በጉሮሮው! «ስታድግ ትተወዋለች» ያሉህን ለእኔም ብለውኛል። ያች ቃል አንድ ዓመት ተኩል በላችብኝ።

መጨረሻ ላይ ወንድሜ አዲስ አበባ ስላለ እሱ ቤት አርፈን የካቲት 12 ሆስፒታል ወሰድነው። እዚያ ስፒች ቴራፒ (የንግግር ሕክምና) የምትሠራ ልጅ ተቀበለችን። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ያህል መሬት ላይ ቁጭ ብላ በመኪና ስታጫውተው ቆየች። እኔ በሆዴ «ለዚህ ነው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የመጣሁት?» እላለሁ። ለካ እየሰማችው ነው። ቀጥላ ትንሽ መስተዋት ከአፍንጫው ሥር ያዘችና «ፓ፣ ፓ፣ ፓ» በል አለችው። መስተዋቱ እንፋሎት ያዘ። «አየሽ እናቴ፣ በአፉ መውጣት ያለበት አየር በአፍንጫው እየሸሸ ነው» አለችኝ። ኦፕራሲዮን ሲባል ንግግርም አብሮ የሚሰፋ ይመስለኝ ነበር።

እሷ የነገረችኝን በራሴ አማርኛ ልንገርህ። የቀጥቃጭ ወናፍ ታውቃለህ አይደል? ወናፉ ከተቀደደ የቱንም ያህል ብትረግጠው እሳቱ አይነሣም። አፍም እንደዚያ ነው። ለ«ፓ»፣ ለ«ባ»፣ ለ«ታ»፣ ለ«ዳ»፣ ለ«ካ»፣ ለ«ሳ» አየሩ አፍ ውስጥ መታመቅ አለበት። የላንቃችን የኋለኛው ለስላሳ ክፍል ተነሥቶ ወደ አፍንጫ የሚወስደውን መንገድ ሲዘጋ ነው የሚታመቀው። ካልዘጋ «ባ» «ማ» ይሆናል፣ «ዳ» «ና» ይሆናል። «ማ» እና «ና» ግን ድሮም የሚወጡት በአፍንጫ ነው፣ መንገዱ ክፍት ቢሆን ግድ የላቸውም። ልጅህ «እማ»ን ጥርት አድርጋ የምትለው እናቷን ከአንተ አብልጣ አይደለም፣ አትቀየማት። ቀላሉ ፊደል ለእናትየው ደርሷት ነው።

«ቆሎ»ን «ኦሎ» የምትለው ግን ሌላ ነገር ነው። የእኔም ልጅ ዋና ችግሩ ይሄ ነበር። ላንቃው ሳይሰፋ አየር አፉ ውስጥ አልታመቅ ሲለው ሌላ ቦታ ፈለገ። የት? ጉሮሮው ውስጥ። እዚያ ቆረጥ ያደርገዋል። ብልሃት ነው እኮ፣ ስንፍና አይደለም! ግን ላንቃው ከተሰፋም በኋላ ልማዱ አልለቀቀውም። በር ተሠርቶለት እሱ አሁንም በመስኮት ይገባል ማለት ነው። ይህን ሐኪም በመርፌና በክር አያስተካክለውም፣ ስልጠና ነው የሚፈልገው።

ስልጠናው ከመጀመሩ በፊት ልጅቷ ጆሮውን ከአንገት በላይ ሐኪም እንዲያየው ላከችን። ላንቃን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች የጆሮን የውስጥ ቱቦም ይከፍታሉ አለችን። ላንቃቸው የተሰነጠቀ ልጆች ከጆሯቸው ታምቡር ጀርባ ብዙ ጊዜ ፈሳሽ ይጠራቀማል፣ ላያማቸው ይችላል፣ ግን ድምፅ ይታፈንባቸዋል። ልጄም ሁለቱም ጆሮው ፈሳሽ ነበረበት። ወንድምዓለም፣ ስጠራው ዞር ሲል አላይ ብዬ «ጠግበሃል!» እያልኩ ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ። ቴሌቪዥን ሥር ተለጥፎ ሲቀመጥም እየጎተትኩ አነሣው ነበር። ያላየኸውን ድምፅ ከየት አምጥተህ ታወጣዋለህ? ያልሰማኸውን ማለቴ ነው።

(አንዴ ይቆየኝ፣ ደንበኛ መጣ።)

እሺ። ቤት ውስጥ ምን ሠራን? ፊደል ገበታ ገዛሁ። ሰው ሁሉ ከ«ሀ» ይጀምራል፣ እኛ ከታች ጀመርን። ከመጨረሻው መሥመር፣ ከ«ፐ»። ምክንያቱም «ፐ» ከንፈር ላይ ያለች ናት፣ ልጁ በዓይኑ ያያታል። የዶሮ ላባ ከንፈሩ ፊት እይዛለሁ፣ «ፓ» ሲል ላባው መንቀጥቀጥ አለበት። መጀመሪያ ዝንፍ አላለም። ቴራፒስቷ ባሳየችኝ መንገድ አፍንጫውን በሁለት ጣቴ ቀስ ብዬ ያዝኩና በሹክሹክታ «ህ... ፓ» አስባልኩት። ሹክሹክታው ጉሮሮውን ክፍት ያደርገዋል፣ አፍንጫው ሲያዝ ደግሞ አየሩ መሄጃ ያጣል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ላባዋ ፍር አለች። እሱ ሳቀ፣ እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ከ«ፓ» ወደ «ባ»፣ ከዚያ «ታ»፣ «ዳ»፣ «ካ»። በቀን አሥር ደቂቃ፣ ከእራት በፊት። ሲሰለቸው እንተወዋለን። በየሁለት ሳምንቱ በቴሌግራም ቪዲዮ እልክላታለሁ፣ እሷ ታርመናለች። እንዲህ ባይሆን የመንገዱን አልችለውም ነበር።

ያለቀሰብን «ቀ» ነው። «ጠ»ም፣ «ጨ»ም እንደዚያው። ልጅቷ ስታስረዳኝ እነዚህ ፊደላት ጉሮሮም አፍም አንድ ላይ እንዲዘጋ ይፈልጋሉ። ልጄ ጉሮሮውን ይዘጋና «ጨረስኩ» ይላል፣ ምላሱን ይረሳዋል። በ5 ዓመቱ የኔታ ጋ ፊደል ሊቆጥር ገባ። ልጆቹ «ቀ ቁ ቂ ቃ» እያሉ ሲጮኹ እሱ «አ ኡ ኢ ኣ» ይላል። የኔታ አለንጋቸውን አላነሡበትም። አጠገባቸው አስቀምጠው አፋቸውን ከፍተው ምላሳቸው ከኋላ ሲነሣ ያሳዩት ነበር። ዓመት ፈጀ። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ሰው ቆሞ እያለ «እማ፣ ቅቤ አለ ወይ ይሉሻል» አለኝ። ሴትዮዋ ቅቤዋን ይዛ ሄደች። ምን እንደተፈጠረ አታውቅም።

ዛሬ ሲቸኩል ትንሽ በአፍንጫው ይላል። ይበል።

ሲስተር

ጤና ይስጥልን። ነርስ ነኝ፣ ባለሱቋ ብዙውን ብለውልኛል። እኔ የቀሩትን ብቻ።

ፊኛው ይቅር። ፉጨቱም፣ በስትሮ መምጠጡም። ልጅ ቢደሰትበት ጨዋታ ነው፣ ግን ፊኛ መንፋት ፊኛ መንፋትን ብቻ ነው የሚያስተምረው። ለንግግር የሚጠቅመው ራሱን ድምፁን መለማመድ ነው። ምላሷም አልታሰረም። የታሰረ ምላስ አየርን ወደ አፍንጫ አይልክም።

«ተበላሽቷል» የምትለውን ቃል ተዋት። ላንቃ በደንብ ተሰፍቶም ከ100 ልጆች ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት ለስላሳው ክፍል አጭር ይሆንባቸዋል ወይም በደንብ አይነሣላቸውም። እነዚህ ለንግግር ተብሎ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ወተት በአፍንጫዋ አለመምጣቱ ደግ ነው፣ ስፌቱ ላይ ቀዳዳ የቀረ አይመስልም። ግን ላንቃዋ መታየት አለበት።

አንተ ከጻፍከው ሁለቱም ያለባት ይመስለኛል። «ናሞ» የአየር መሸሽ ነው። «ኦሎ» ልማድ ነው። የትኛው እንደሚበዛ የሚለየው ባለሙያ ነው። ቤት ውስጥ ግን ትንሽ ሙከራ ማድረግ ትችላለህ። የቀዘቀዘ ማንኪያ ከአፍንጫዋ ሥር ያዝና «ፓፓ፣ ፓፓ» አስብላት። «ማ» ያለበት ቃል እንዳይሆን፣ እሱ ማንም ቢለው እንፋሎት ያመጣል። ከዚያ አፍንጫዋን ይዘህ ያንኑ አስደግማት። አፍንጫዋ ሲያዝ ድምፁ ከጠራ፣ መሸሽ አለ ማለት ነው። ያየኸውን ጻፍና ለሐኪሙ ይዘህ ሂድ።

ላንቃ ቢቻል ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ቢሠራ ይመረጣል፣ ልጁ ቃላት ማውጣት ሳይጀምር ወይም ገና ሲጀምር ማለት ነው። የእናንተ ዘግይቷል። ግን ደም ያነሳት ልጅ ማደንዘዣ ውስጥ አይገባም፣ ያዘገዩት ሐኪሞች ልክ ናቸው። ራስህን አትውቀስ። አሁን ግን ትምህርት ቤት እስክትገባ እንዳትጠብቅ። መጀመሪያ እዚሁ ጎንደር ጆሮዋን አስመርምር። ከዚያ ወደ ሠራላት ቡድን ተመልሰህ «ንግግሯ ይታይልኝ» በል። ዝም ብለህ «ክትትል» ካልክ ስፌቱን አይተው ይመልሱሃል። ስማይል ትሬን የተባለው ድርጅት አብረውት በሚሠሩ ሆስፒታሎች የኦፕራሲዮኑን ወጪ ይሸፍናል፣ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ከተባለ ስለ ወጪው መጀመሪያ ይህን ጠይቅ።

ሒሳብ መምህር

ወንድሜ፣ እኔ ራሴ ነኝ። ላንቃዬ የተሠራው በ17 ዓመቴ ነው። ዛሬም በአፍንጫዬ ነው የምናገረው። ጎንደር ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በመጀመሪያው ሳምንት ይስቃሉ፣ በሁለተኛው ፈተና ይመጣል።

የምነግርህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው «ምን አልክ?» ሲለኝ አይከፋኝም። የሚከፋኝ ሳይገባው «እሺ እሺ» ብሎ ሲያልፈኝ ነው። ልጅ ሆኜ ቤተሰቤ እንዳልከፋ ብለው እንደዚያ ያደርጉኝ ነበር። ጣቴን የተማርኩት ከዚያ ነው። ልጅህ የምትለው ካልገባህ አልገባኝም በላት። «አሳዪኝ» በላትና ስታሳይህ ቃሉን አንተ ጥራ፣ «አሃ፣ ብስኩት!» በላት። ድገሚ አትበላት።

አባ ያልተባለው (ጎንደር፣ ማራኪ)

ሁለት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ፣ እናቴን አስቁሜያለሁ። የጻፉትን ሙሉውን አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችና «ምላጭ የተሰፋ ላይ ነው ያልሽው?» አለች፣ ስልኩን። አለቀ።

ጆሮዋን አስመረመርን። እርስዎ እንዳሉት ሳይሆን ቢቀር ደስ ባለኝ፣ በቀኝ በኩል ፈሳሽ አለ ተብሏል። መድኃኒት ሳይሆን ክትትል ነው ያዘዙላት፣ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ትታያለች። የላንቃዋ ቀጠሮ ለሚቀጥለው ወር ማክሰኞ ተይዟል። «ንግግሯ ይታይልኝ» ብዬ ነው ያስያዝኩት፣ ቃል በቃል።

ማንኪያውን ሞከርኩ። «ፓፓ» ስትል ደበዘዘ። ከዚያ አፍንጫዋን ያዝኩና «አባ» በይ አልኳት። «አባ» አለች። ጥርት ብሎ! ሰምታው ራሷም ደነገጠች። ጣቴን አንሥታ በራሷ ጣት ያዘችና ደገመችው።

አሁን ማታ ከሥራ ስገባ በሩ ላይ አፍንጫዋን ይዛ ነው የምትቀበለኝ። «አባ! አባ!» ልማድ እንዳይሆንባት ፈርቻለሁ፣ ለባለሙያዋ እስካሳያት ድረስ ግን አልከልክላትም። ችግሩ ለእናቷም አፍንጫዋን ይዛ ነው የምትጠራት። እና «እማ» ጠፍታለች፣ «እባ» ሆናለች። ባለቤቴ ትናንት ሽሮ እያማሰለች ሰማችና ዞር አለች።

«አሁን ደግሞ ሁለታችንንም አባት አደረገችን» አለች።